በክረምት የሚጠወልግ የበረንዳ ጤና አዳም፦ ስለ ፖት አፈር፣ ስለ ውኃና ስለ ፀሐይ አቅጣጫ

የሰሚቷ | ሐምሌ 28

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው በአዲስ አበባ ሰሚት አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን በረንዳችን ወደ ደቡብ ያያል። በሚያዝያ ወር ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች የገዛኋቸውን ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል በባዶ የቀለም ባልዲዎች ተክያቸው ነበር። እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ ሦስቱም አምረውና ደምቀው፣ ለቡናውም ለወጡም እየቀነጠስን ስንጠቀምባቸው ቆየን። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ግን የጤና አዳሙ ቅጠል ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል፤ ጫፉም አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ውኃ እንደጠማው ሁሉ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የበሶብላው ግንድ ደግሞ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሯል። የጥብስ ቅጠሉ ለጊዜው ደህና ይመስላል።

አፈሩ በአቅራቢያችን ለግንባታ ሲቆፈር የወጣ ጥቁር አፈር ነው። ምግብ አንሶት እንደሆነ በማሰብ ባለፈው ወር የበግ ፍግ ተጨምሮበታል፤ ለውጥ ግን አልታየም። ባልዲውን ስነካው ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ ላይ ብድግ ይላሉ። በቤታችን ቡና ያለ ጤና አዳም ስለማይቀርብ ተክሉ እንዲተርፍልኝ አጥብቄ እፈልጋለሁ። ውኃ ልጨምርለት፣ ማዳበሪያውን ልለውጥ ወይስ ወደ ቤት ላስገባው?

ችግኝ ጣቢያ | ሐምሌ 28

እህቴ፣ ለጊዜው ውኃም ማዳበሪያም አይጨምሩለት፤ ወደ ቤትም አያስገቡት። ነገ ጠዋት መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ተክሉን ከነአፈሩ ከባልዲው አውጥቶ ሥሩን ማየት ይሁን። አንድ እጅዎን በግንዱ ዙሪያ አፈሩ ላይ ያኑሩ፣ ባልዲውን በሌላ እጅዎ ዘንበል አድርገው ጎኑን መታ መታ ያድርጉት፤ ጥቅል ሆኖ ይወጣል። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም መሰል ነው፤ በጣት ሲጫኑት ጠንከር ይላል፣ ሽታውም የአፈር ሽታ ነው። የታፈነ ሥር ግን ቡናማ ይሆናል፣ ይለሰልሳል፤ በሁለት ጣት ይዘው ሲጎትቱት የላይኛው ልባሱ ሾልኮ በእጅዎ ይቀርና ውስጡ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ይታያል። ሽታውም የረግረግ ሽታ ነው። እርስዎ ከገለጹልን ምልክት ተነሥቼ የምገምተው ይህን ሁለተኛውን ነው።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ የሚጠወልግበት ምክንያት ብዙ ሰው ከሚጠብቀው የተለየ ነው። ሥር ሕይወት ያለው አካል እንደመሆኑ ይተነፍሳል፤ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በውኃ ሲሞላ አየር ያጣና ሥራውን ያቆማል፣ ቀጥሎም ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር በዙሪያው ያለውን ውኃ መምጠጥ ስለማይችል ቅጠሉ በውኃ መካከል ሆኖ ይጠማል። ባለቤቱም የጠወለገውን ቅጠል አይቶ ውኃ ይጨምራል፤ ተክሉም በዚያው ይሞታል። በአዲስ አበባ በረንዳዎች ላይ ከሚሞቱት ተክሎች መካከል በጥማት የሚሞተው ጥቂቱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አብዛኛው የሚሞተው በክረምት፣ በውኃ ብዛት ነው። ጣቢያችን ድረስ ቅጠል ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ የማዳበሪያ ዓይነት ሲሆን እኔ የምጠይቃቸው ግን ባልዲው ሥር ቀዳዳ አለው ወይ ብዬ ነው።

የእርስዎ ባልዲ ቀዳዳ አለው? ስንት? ከሥሩስ ሳህን ተቀምጦለታል?

የሰሚቷ | ሐምሌ 29

ስለ ፈጣን ምላሽዎ አመሰግናለሁ። እንዳሉት አውጥቼ አየሁት። ከታች ያለው ሥር በሙሉ ቡናማ ነው፤ ልባሱም እንደገለጹት ሾልኮ ወጣ። ከላይ፣ ወደ ግንዱ ተጠግቶ ያለው ግን ገና ነጭ ነው። ባልዲው መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ እሱንም ጭቃው ደፍኖታል። ቀዳዳው ላይ የጠጠር ንጣፍ ነበር። ውኃው ወደ ታችኛው ጎረቤት እንዳይንጠባጠብ ሳህን አድርገንበታል። አሁን ተክሉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጥላ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ችግኝ ጣቢያ | ሐምሌ 29

ከላይ ነጭ ሥር ካለው ይተርፋል፤ አይዞዎት። ዛሬውኑ የሚከተለውን ያድርጉ።

ቡናማውን ሥር በንጹሕ መቀስ ነጭ እስኪያገኙ ድረስ ይቁረጡ። ሥሩ ሲያንስ ቅጠሉም ማነስ ስላለበት ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ ሲሶ ያህል ይግረዙለት። ከዚያ በላይ ግን አይሂዱ፤ በተለይ ቅጠል የሌለው ያረጀ እንጨት ላይ ከደረሱ ጤና አዳም ከዚያ ቦታ እንደገና ለማቆጥቆጥ ይቸገራል። ባልዲው ላይ በጋለ ሚስማር የትንሽ ጣት ስፋት ያላቸው ስምንት ወይም ዐሥር ቀዳዳዎች ይብሱ፤ ግማሾቹ ከታች፣ ግማሾቹ ከታችኛው ጠርዝ ጥቂት ከፍ ብለው በጎን ይሁኑ። ባልዲውን በቀጥታ ሲሚንቶው ላይ ካስቀመጡት ቀዳዳው ይታፈናልና በሁለት የብሎኬት ስባሪ ወይም በሁለት እንጨት ላይ ያሳርፉት።

ስለ ጠጠሩ ብዙ ሰው የሚያምንበት ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ብናገር አይከፋችሁ። ጠጠር ከታች ማንጠፍ ውኃ ያጠነፍፋል ይባላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር የሚወርደው ከላይ ያለው ደቃቅ አፈር እስኪጠግብ ድረስ ይዞ ካቆየው በኋላ ነው። ስለዚህ ጠጠሩ የረጠበውን ክፍል አያጠፋውም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል እንጂ። አራት ጣት ጠጠር ያለበት ባልዲ አራት ጣት ያነሰ ባልዲ ማለት ነው። ሻካራውን ነገር ከአፈሩ ጋር መቀላቀል እንጂ ከሥር መደልደል አይጠቅምም። ቀዳዳው አፈር እንዳያፈስ የሚያሰጋዎት ከሆነ አንድ ቁራጭ የወንፊት ሽቦ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ጨርቅ ይበቃል።

ወደ አፈሩ ስንመጣ፣ ጥቁር አፈር ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የሸክላ አፈር ነው፤ ለጤፍና ለሽምብራ መልካም ሆኖ ሳለ በባልዲ ውስጥ ግን ይጠቀጠቃል። ለጤና አዳም፣ ለጥብስ ቅጠልና ለጦስኝ እኔ የምጠቀመው ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ ቀይ አሽ እና አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ነው። ቀይ አሽ ማለት በቢሾፍቱ አካባቢ ካሉት ኮረብቶች የሚቆፈረውና ለመንገድ ሥራ የሚውለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው፤ በከተማው ውስጥ ግንባታ ባለበት ሁሉ ስለማይጠፋ አንድ ፌስታል መለመን ይቻላል። ዱቄቱን በወንፊት አራግፈው ከአተር እስከ ሽምብራ የሚያህለውን ይጠቀሙ። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ጥቂት እርጥበት ይይዛል፣ በዙሪያው ግን አየር ያሳልፋል። ክብደቱ ከአሸዋ ማነሱም ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ እርጥብ አፈር ከ30 ኪሎ ሊበልጥ ስለሚችል እንዲህ ያለውን ነገር በፍጹም በበረንዳው አጥር ብረት ላይ አትስቀሉ።

ፍጉን እርሱት። ያልበሰበሰ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ የበሰበሰውም ቢሆን ለጤና አዳም ከጥቂት በላይ አያስፈልገውም። ይህ ተክል በደሃ አፈር ላይ ነው መዓዛው የሚጠነክረው።

የጎጃም ጓሮ | ሐምሌ 30

ለተሰጠው ማብራሪያ አክብሮቴን እየገለጽሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ያደግሁበት ጓሮ አፈሩ ጥቁር ነው፤ ክረምቱም ከአዲስ አበባ የሚብስ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ጤና አዳሙ ግን ያለ ቀይ አሽ፣ ያለ ኮምፖስት፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ከአጥሩ ሥር እንደ ቁጥቋጦ ሆኖ ዘመናት አልፈውታል። እንግዲህ ጥፋተኛው በእርግጥ ጥቁሩ አፈር ነው ለማለት ይቻላል?

ችግኝ ጣቢያ | ሐምሌ 30

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው እርስዎ ራስዎ በጻፉት ውስጥ ነው፦ «ከአጥሩ ሥር»። እናቶቻችን ጤና አዳምን ውኃ በሚተኛበት ሜዳ መሐል አይተክሉትም፤ ከአጥር ሥር፣ ከካብ ድንጋይ አጠገብ፣ ትንሽ ከፍ ባለ መደብ ላይ ነው የሚተክሉት። መሬት ላይ ያለ ውኃ ደግሞ ወደ ታችም ወደ ጎንም የሚሄድበት አለው፤ የሣሩና የዛፉ ሥርም አብሮ ይጠጣዋል። ባልዲ ውስጥ ያለ ውኃ መውጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ቀዳዳው ወይ ቅጠሉ። ያንኑ ጥቁር አፈር በባልዲ ቢሞሉት በአንድ ክረምት ልዩነቱን ያዩታል። የኔ ምክር የሚመለከተው ባልዲውን ነው፤ ጓሮ ላለው ሰውማ መደቡን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ መትከል ይበቃዋል።

ሰገነት | ነሐሴ 1

ስለ ውኃውና ስለ አፈሩ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ጠያቂዋ በረንዳቸው ወደ ደቡብ እንደሚያይ መግለጻቸውን ማንም አላነሣውም። ለእኔ የነገሩ ግማሽ ያለው እዚያ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ አትሄድብንም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ያለችው ከአናታችን በስተ ሰሜን ነው፤ በቀሪዎቹ ወራት በስተ ደቡብ ትሆናለች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ ከጣሪያው ሥር እስከ ግድግዳው ድረስ ብርሃን ይገባዋል። በሐምሌ ግን ያው በረንዳ የሕንፃው ጥላ ውስጥ ነው። በዚህ ላይ ደመናው አለ። ሰሜን የሚያይ በረንዳ ያላችሁ ሰዎች ተቃራኒውን ታያላችሁ፤ በግንቦት ፀሐይ የሞላው ቦታ በኅዳር ይቀዘቅዛል።

ይህ ከውኃው ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ተክል ውኃ የሚጠጣው በብርሃን መጠን ነው። በጥር ወር አንድ ጆግ ውኃ በሁለት ቀን የሚጨርስ ተክል በሐምሌ ጥላ ውስጥ ያንኑ ጆግ ለሳምንታት ሊያቆየው ይችላል። ሰው ግን በልማድ፣ በየቅዳሜው ወይም ውኃ በፈረቃ በመጣ ቁጥር ያጠጣል። እኔ የማምነው የውኃ ቀን የሚባል ነገር መቅረት እንዳለበት ነው። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ መክተት፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ከተሰማ ማለፍ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ ከታች እስኪፈስ ድረስ አርክቶ ማጠጣት። በየቀኑ በብርጭቆ ላይ ላዩን ማርጠብም መልካም አይደለም፤ ሥሩን ወደ ላይ ያስለምደዋል።

ሳህኑን በተመለከተ፣ የታችኛውን ጎረቤት ማክበር ተገቢ ስለሆነ አያንሡት፤ ነገር ግን ካጠጡ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተጠራቀመውን ይድፉ። ነፋስ ዝናቡን ወደ በረንዳው የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ እስከ መስከረም ድረስ ጤና አዳሙን ወደ ግድግዳው ያስጠጉት። ወደ ሳሎን ማስገባት ግን አልመክርም፤ ሳሎን ለዓይናችን ብሩህ ይምሰል እንጂ ለጤና አዳም ጨለማ ነው።

እመ ቤት ቦሌ | ነሐሴ 1

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሳሎን ውስጥ ስላሉት ስለ ሞንስቴራና ስለ ስኔክ ፕላንትም ያው ምክር ይሠራል? በዚህ ወር የሁለቱም ቅጠል ቢጫ ሆኖብኛል።

ሰገነት | ነሐሴ 1

አዎን፣ ያው ነው። ስኔክ ፕላንት በወፍራም ቅጠሉና በአገዳው ውስጥ ውኃ ስለሚያጠራቅም በክረምት በወር አንድ ጊዜ ቢጠጣ ይበቃዋል፤ ሞንስቴራው የላይኛው አፈር በጣት ልክ ሲደርቅ ይጠጣ። ብዙ ጊዜ ችግር የሚያመጣው ለጌጥ ተብሎ ቀዳዳ በሌለው ሴራሚክ ውስጥ የሚቀመጠው ፖት ነው፤ ውስጡን አንሥተው ይዩት፣ ውኃ ተኝቶበት ሊሆን ይችላል። ቅጠላቸውንም በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉላቸው፤ አቧራ ብርሃን ይከለክላል።

ደብረ ብርሃን ላይ | ነሐሴ 3

እኔ ከምኖርበት ከፍታ ሆኜ የምጨምረው ስለ ውርጭ ነው። እኛ ዘንድ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ በክረምት የተረፈው ተክል በበጋ ውርጭ ይሄዳል። ጦስኝ የደጋ ልጅ ስለሆነ አይበገርም። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ቀላል ውርጭ ይችላሉ፤ በሶብላ ግን አንዲት ውርጭ ከነካችው በማግስቱ ጠቁራ ታድራለች። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ስለሆነ እንዲህ ያለ ምሽት ሲመጣ ፖቱን ከግድግዳ ማስጠጋትና በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በአሮጌ አንሶላ ማልበስ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ደግሞ መግለጥ ነው። ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካው ያው የነካው ቦታ ስለሚቃጠል ጨርቅ ይሻላል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ሰዎችም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች በሶብላችሁን አትመኑ። ቅመም ለማድረቅ የተከላችሁት ከሆነ አበባው ሞልቶ ሳለ፣ ቅዝቃዜው ሳይጠናበት አጭዳችሁ በጥላ ሥር አድርቁት፤ ለበርበሬ የሚፈለገው ከነአበባው ነውና። ትኩስ ቅጠሉን ለመጠቀም የተከላችሁት ከሆነ ግን አበባው እንደታየ ጫፉን ቀንጥቡት፤ ያን ጊዜ ወደ ጎን እየሰፋ ቅጠል ይሰጣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ | ነሐሴ 5

ከአገር ውጭ ለምንኖረውም ይህ ውይይት ጠቃሚ ስለሆነ የእኛን አካባቢ ሁኔታ ላካፍላችሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ ጤና አዳምና በሶብላ በፖት የሚያሳድግ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ፈተናችን የክረምት ዝናብ ሳይሆን ብርሃን የሌለው ቅዝቃዜ ነው። በሶብላን በማርች አጋማሽ ቤት ውስጥ እንዘራለን። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አፈር አይጫነውም፤ እርጥብ አፈር ላይ በትኖ በጣት ጫን ማድረግ ይበቃል፣ ሙቀት ካገኘ በሳምንት ገደማ ይበቅላል። ወደ ውጭ የሚወጣው ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረዱን ሲያቆም፣ ማለትም ከሜይ አጋማሽ በኋላ ነው። ሲወጣም በአንድ ጊዜ አይሁን፤ ለሳምንት ያህል ቀን ቀን ጥላ ሥር እያወጣችሁ፣ ማታ እያስገባችሁ አለማምዱት።

ጤና አዳሙን ከኦክቶበር መጨረሻ በፊት እናስገባዋለን። መስኮት ብቻውን አይበቃውም፤ ከላዩ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ የኤልኢዲ መብራት በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ቢበራለት ግን የቅዝቃዜውን ወራት ያልፋል። ከማሞቂያው አጠገብ አታስቀምጡት፤ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ይመርጣል። ውኃውም ከበጋው እጅግ ያነሰ ይሁን።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከአገር ቤት ስንመለስ የሚተከል ዘር ወይም ችግኝ በሻንጣ ይዞ መምጣት የተለመደ ነው። ወደ አሜሪካ የሚገባ ለመትከል የታሰበ ዘር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል፤ አፈር የያዘ ችግኝማ ከነጭራሹ አይገባም። ሳያስመዘግቡ ማለፍ ቅጣት ያስከትላል። እዚሁ ካለ ጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ መለመን ከሁሉ ይሻላል፤ ጤና አዳም የሌለው የሐበሻ ሰፈር አላየሁም።

ከአሽቀሎን | ነሐሴ 6

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ ወዳለሁበት ወደ እስራኤል ስትመጡ ጤና አዳም የፖት ተክል ብቻ ሳይሆን በተራራው ላይ በራሱ የሚበቅል ዱር አደግ መሆኑን ታያላችሁ። የሚበቅለው በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ አፈር እምብዛም በሌለበት ቁልቁለት ላይ ነው። ዝናቡ በክረምት፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ይወርድበታል፤ በበጋው ደግሞ ለወራት ጠብታ አያገኝም። ይህንን ያነሣሁት የችግኝ ጣቢያውን ባለሙያ ቃል ስለሚያጠናክር ነው፤ ተክሉ ዝናብን አይጠላም፣ ሥሩ ላይ የሚተኛ ውኃን ነው የማይችለው። እኛ እዚህ በጠብታ መስኖ የሚጠጣ ግቢ ውስጥ ስንተክለው እንኳ ከጠብታው ቱቦ ራቅ አድርገን ነው።

ስለ እጃችሁም አስቡ። ሲሶውን ግረዙት ተብሏልና፣ የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዳነ በኋላም ጠባሳው ለወራት ቡናማ ሆኖ ይቆያል። አንድ ቅጠል ለቡና መቀንጠስ ምንም አያደርግም፤ ብዙ በምትገርዙ ጊዜ ግን ጓንትና እጀ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ ሥራውን ማምሻውን አድርጉት፣ ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሕፃናትን አርቁ። ነፍሰ ጡር እናቶች ደግሞ ተክሉን እንደ መድኃኒት አፍልተው ከመጠጣት ይቆጠቡ፤ ማሕፀን የሚያኮማትር ነገር አለበት።

ችግኝ ጣቢያ | ነሐሴ 7

ከአሽቀሎን ለተሰጠን ማሳሰቢያ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ እኛም ለገዢዎች ሁሉ መንገር ይገባናል።

ስለ ትንንሾቹ ጥቁር ዝንቦች ሳልመልስ ቀርቼ ነበር። እነዚህ ዝንቦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ የአፈር ገጽ ላይ ነው፤ እጮቹ የበሰበሰ ነገርና ቀጫጭን ሥሮችን ይበላሉ። መድኃኒት መግዛት አያስፈልግም። የላይኛው ሦስት ጣት አፈር እንዲደርቅ ማድረግና ላዩን በአንድ ጣት ውፍረት ቀይ አሽ ማልበስ መራቢያቸውን ያሳጣቸዋል። የሚበሩትን ለመያዝ ቢጫ ካርቶን ላይ ቫዝሊን ቀብቶ ከአፈሩ አጠገብ ማቆም ይቻላል። የቡና አተላ በላዩ ላይ የሚደፉ ከሆነ ያቁሙ፤ ሲደርቅ ቅርፊት ሠርቶ አየር ይከለክላል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይሻግታል። አተላው ቦታው ኮምፖስት ውስጥ ነው።

ክሽክሽ፣ ማለትም ቅጠል ላይ ተጣብቀው ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች፣ ከመጣ ደግሞ፣ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የእጅ ሳሙና በጥብጦ ማምሻውን ከቅጠሉ ሥር መርጨትና በማግስቱ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይሠራል። የልብስ ዱቄት ሳሙናና በረኪና ግን ቅጠል ያቃጥላሉ።

የሎሚ ዛፍ | ነሐሴ 9

በዚሁ አጋጣሚ፣ ጤና አዳሜ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር አየሁና ልጠርገው ስል ተንቀሳቀሰ። ምንድን ነው?

ችግኝ ጣቢያ | ነሐሴ 9

የሎሚና የብርቱካን ቅጠል የሚበላው አባጨጓሬ ነው። ጤና አዳም ከሎሚና ከብርቱካን ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ስለሆነ እናቲቱ ቢራቢሮ መዓዛውን ለይታ እንቁላሏን ትጥልበታለች። በልጅነቱ ቡናማና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። በእንጨት ጫን ቢያደርጉት ከራሱ ጀርባ ሁለት ብርቱካንማ ቀንድ አውጥቶ ኃይለኛ ሽታ ይለቃል፤ አይናከስም፣ አይመርዝም። ሁለት ሦስት አባጨጓሬዎች አንድን ትንሽ ጤና አዳም በጥቂት ቀን ግንዱን ብቻ ሊያስቀሩት ስለሚችሉ ጠዋት ጠዋት እያዩ በእጅ መልቀም ይበቃል። ግቢዎ ውስጥ ትልቅ የሎሚ ዛፍ ካለ ወደዚያ ያዛውሯቸው፤ ዛፉ አይጎዳም፣ የሚወጣው ቢራቢሮም ውብ ነው። መርዝ ግን አይርጩ፤ ነገ ስኒ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ነውና።

የሰሚቷ | ነሐሴ 20

በተሰጠኝ ምክር መሠረት አፈሩን ቀይሬ፣ ቀዳዳውን አብዝቼ፣ ባልዲውን በብሎኬት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዝንቦቹ ጠፍተዋል። የታችኛው ቅጠል መርገፉን አቁሞ ከሁለት ቅርንጫፎች ጫፍ አዲስ ቅጠል ወጥቷል። በሶብላው ግን ሊድን አልቻለም። አሁን የምጠይቀው ከዚሁ ጤና አዳም ሌላ ችግኝ ማውጣት የምችለው መቼና እንዴት እንደሆነ ነው፤ ለእህቴም ላካፍላት እፈልጋለሁ።

ችግኝ ጣቢያ | ነሐሴ 21

እሰይ! በሶብላው ዓመታዊ ተክል ስለሆነ አያሳስብዎት፤ መስከረም አጋማሽ ላይ አዲስ ዘር ይዝሩ፣ ቅዝቃዜው ሳይጠና ቅጠል ይደርስልዎታል። ለእሱ ግን ኮምፖስቱን ወደ ሁለት እጅ ከፍ ያድርጉት፤ እንደ ጤና አዳም በደሃ አፈር አይረካም።

ጤና አዳሙን አሁን አይንኩት፣ ገና እያገገመ ነው። ጥቅምት ሲገባ፣ ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወደ በረንዳዎ ስትመለስ፣ አበባ ያላወጣና ግማሽ እንጨት ግማሽ ለምለም የሆነ ቅርንጫፍ ይምረጡ። ርዝመቱን ዐሥር ሴንቲ ሜትር ያህል አድርገው ልክ ከአንድ አንጓ ሥር ይቁረጡ፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ያርግፉ፣ ግማሽ ቀይ አሽና ግማሽ ቀይ አፈር በሆነ ትንሽ ፖት ውስጥ ሁለት አንጓ ያህል ይትከሉት። ሁሉም ስለማይጸድቅ አራት አምስት ቢተክሉ ይሻላል። የሃይላንድ ጠርሙስ ሥሩን ቆርጠው፣ ክዳኑን አንሥተው ከላይ ይድፉበት፤ እርጥበት ይይዛል፣ በአፉ ደግሞ ይተነፍሳል። የቀትር ፀሐይ የማያገኘው ብሩህ ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ አፈሩም ሳይጨቀይ ለስለስ ብሎ ይቆይ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በሁለት ጣት ቀስ ብለው ሳብ ሲያደርጉት እምቢ ካለ ሥር ሰዷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጠርሙሱን ያንሡና ለእህትዎ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ሁለት ሳምንት የጠዋት ፀሐይ ብቻ እያገኘ ይክረም።